የኪራይ አባት

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ የሃቫና ስትሪት አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ያገሬ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያወራሉ። ልጅ ሳሉ ያስተማሯቸው ስኮትላንዳዊ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር እዚያው ስኮትላንድ ሞተው፣ አንደኛው ዛሬ እዚህ በሚደረገው መታሰቢያቸው ላይ ንግግር ሊያደርግ ነው።

«ምን ልትል ነው?» አለው ጓደኛው።

«"ጥብቅ ሰው ነበሩ" ብዬ እወርዳለሁ።»

«የኪራይ አባትህንስ?»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል!»

«ወላጅ አምጣ ሲሉህ ከመርካቶ ተሸካሚ ተከራይተህ፣ ኮት አልብሰህ «አባቴ ነው» ብለህ አላመጣህም?»

«ወላጅ የለኝ፣ ምን ላድርግ?»

«እኔም እኮ በዚያው ሳምንት እሱኑ አባቴ ብዬ አምጥቼው ነበር!»

«አንተ ነሃ ያስያዝከኝ!»

«ሚስተርም በዚያ አማርኛቸው "ልጆችዎ በዙ" አሉት። ግን ለምን አላባረሩህም?»

«ቢሮ አስገብተው፣ "ከእንግዲህ በወላጅህ ቦታ እኔ እፈርማለሁ" አሉኝ። እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ፈረሙልኝ።»

«ታዲያ ይህን ተናገራ!»

«ተሸካሚውን ጨምሬ? ሞቼ ነው!»

«እሳቸው አላፈሩብህም፣ አንተ ታፍርባቸዋለህ። በዚህ ሽበትህ ደግሞ!»

ስድስተኛ ክፍል ላይ «ወላጅ አምጪ» ተብዬ ከትምህርት ቤት በዚያው የቀረሁት እኔ፣ መውረጃዬ ሲያልፍ የማስቆሚያውን ደወል ገመድ ሳልስብ፣ እነሱ የሚወርዱበትን ጠበቅኩ።