ውስጡ እንደ ብር የሚያበራ ድስት

ከመቱ ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ ጎልማሳ አጠገቤ ከተቀመጡ እናት ጋር ወሬ ጀመረ።

«እትዬ፣ ይህን ብረት ድስት ከየት አገኙት?»

«ከቁራሌው ገዛሁት። የዛሬው ድስት እኮ ወረቀት ነው፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል እሱ ያራል። ይኼ የድሮ ነው፤ በጣትህ ብታንኳኳው እንደ ደወል ይጮሃል።»

«ክዳኑን አንዴ ላንሳው?»

«አንሳው። ውስጡ እንደ ብር ያበራል፤ እሱን አይቼ ነው ከሌሎቹ የመረጥኩት።»

«እትዬ… ይህ የእኛ ጋራዥ ድስት ነው። ጆሮው ሲሰበር በሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«ጋራዥ ደግሞ ምን ወጥ ይሠራል?»

«የባትሪ እርሳስ ነበር የምናቀልጥበት። የሚያበራው እርሳሱ ነው፣ መርዝ ነው።»

«ያ ዋቅ! አምላኬ! በአመድ ፈትጌዋለሁ እኮ!»

«በአመድ አይለቅም።»

«ታዲያ ምን ብለህ ሸጥከው?»

«ቁራሌው ሰባብሮ ለብረት ይሸጠዋል ብዬ ነዋ! አብስለውበታል እንዴ?»

«ልጄ ቡሬ ወልዳለች። ይኸው በፔርሙሱ አጥሚት ይዤላታለሁ፤ ጠዋት በዚሁ ድስት ነው ያፈላሁት።»

«እርስዎስ ቀምሰዋል?»

«ቀምሰዋል ትለኛለህ? ሁለት ኩባያ ጠጥቼ ነው የወጣሁት!»

«እንግዲያው ቡሬ እንደደረስን ሐኪም ጋ ነው የምንሄደው። አልለይዎትም።»

«መጀመሪያ ይኼ ይደፋ። ሹፌር! ወራጅ አለ!»

ወርደው አጥሚቱን መንገድ ዳር ሲደፉ፣ እኔ ሲወርዱ ያስያዙኝን ድስት ጭኔ ላይ እንደያዝኩ እጆቼን የማሳርፍበት ቦታ ጠፋኝ።