ቺንጋው ከታሰረ በኋላ

ከሥራ ወጥቼ፣ ዳቦ ገዝቼ ወደ ቤቴ ስመለስ ጎረቤቴ ሚኒባሳቸውን በራፋቸው ላይ አቁመው የሚገፋ ሰው ሲፈልጉ ደረስኩ። ሁለት ጎረምሶች ትከሻቸውን ለኋላው በር ሰጥተዋል። እኔን ሲያዩ የጎረቤቴ ፊት በራ።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት። አንድ ጊዜ ገፋ ካደረጋችሁልኝ ትነሳለች።»

መኪና መግፋት የምወደው ነገር አይደለም። ግን ጎረቤት ናቸው፤ ትንሿ ልጄንም በየቀኑ ትምህርት ቤት አድርሰው የሚመልሱልኝ እሳቸው ናቸው። ዳቦዬን አጥሩ ላይ አስቀምጬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ሰውየውን ሰፈሩ በሌሉበት «አባ ወልውል» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። መኪናቸውን ከራሳቸው በቀር ሰው እንዲነካባቸው አይፈልጉም። አንዲት ብሎን ከፈቱ አጥበው፣ አድርቀው፣ ወልውለው ካልሆነ መልሰው አይገጥሙም። ጋራዥ ወስዶ መስጠትን የሽንፈት ያህል ነው የሚቆጥሩት።

መሪ ላይ ሊወጡ ሲሉ የእህታቸው ልጅ ከሥራዋ ስትመለስ ደረሰች። መካኒክነት ተምራ በቅርቡ ጋራዥ የተቀጠረች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ሰላምታዋን ለሁላችንም አዳርሳ፣ ቀስ ብላ ከሚኒባሱ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ሳትገፋ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ምን ሆና ነው?»

«ምንም አልሆነችም። ካምሻፍቱ ጋ ዘይት ታንጠባጥብ እንደነበር ታውቂያለሽ። ዘይቱን የሚያግተውን ጎማ፣ ሲሉን፣ እኔው ቀየርኩት። ስሠራ ከባትሪዋ መብራት ስቤ ነበርና ባትሪው ደከመ። ማስነሻው ሞተሪኖ ጫክ ብሎ ዝም አለ። ግፊ ብቻ ነው የቀራት።»

«ሲሉን ለመቀየር ታይሚንግ ቺንጋውን አውልቀዋል ማለት ነው።»

«ሳላወልቅ በአስማት ልቀይረው?»

ስለ ሞተር ለማያውቅ አንባቢ እንደገባኝ ላስረዳ። ከላይ ያለው ካምሻፍት ቫልቮቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከታች ያለው ክራንክሻፍት ፒስተኖቹን ያወጣል፣ ያወርዳል። ሁለቱን አስማምቶ የሚያዞራቸው ያ ባለጥርስ ቺንጋ ነው። በእንዲህ ያለው ሞተር ስምምነቱ ከተዛባ የተከፈተ ቫልቭና የሚወጣ ፒስተን መንገድ ላይ ይጋጫሉ፤ ቫልቩ ይጣመማል፣ ሞተሩም ተፈትቶ ይውላል።

«ከማውለቅዎ በፊት ምልክት አድርገው ነበር?» አለች ልጅቱ።

«እንዴታ። ቺንጋው የሚያርፍበት የካምሻፍቱ ፑሊ ላይም፣ ከጀርባው ያለው ብረት ላይም በጠመኔ አስምሬያለሁ።»

ኮፈኑን ከፍታ በስልኳ መብራት አየች። «ጠመኔው የታለ?»

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው ከደጃፉ ሆነው፣ «የምን ጠመኔ?» አሉ። «ፑሊውን እኮ በናፍጣ ለቅልቀህ ፀሐይ ላይ አስጥተኸው ነበር። እኔ ነኝ ያነሳሁልህ።»

ጎረምሶቹ ሳቃቸውን ዋጡት። እኔም ወደ ዳቦዬ ዞር አልኩ። ጋሼ ግን ኮስተር እንዳሉ፣ «ቆሻሻ ዕቃ አልገጥምም። የት እንደነበረ ደግሞ ዓይኔ አይረሳም» አሉ።

«ጋሼ፣ ቺንጋው ሲወልቅ ካምሻፍቱ በቫልቮቹ ሞላ ተገፍቶ በራሱ ዞር ይላል። ብሎኑን ሲፈቱም ይዞራል። ዓይንዎ ያየው ቦታና አሁን ያለበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል።»

«ስሚኝ የኔ ልጅ። እኔ ይቺን መኪና በድምጿ ነው የማውቃት። ትነሳ። ቅር የሚል ነገር ካላት ጆሮዬ ይለየዋል፤ ወዲያው አጠፋታለሁ።»

«ጆሮ የሚሰማው እኮ ከሆነ በኋላ ነው። እርስዎ እስኪያጠፏት ቫልቮቹ ተጣመው ይጠብቁዎታል።»

«ድሮ ማን በምልክት ሠራ?»

«ድሮም ፋብሪካው ራሱ ምልክት ያደርግ ነበር። ይኸው፣ ፑሊው ላይ ያለችው ነጥብ ናት። ከጀርባዋ ካለው መስመር ጋር ፊት ለፊት መግጠም ነበረባት።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «እሷ ናት እንዴ? የብረቱ ጉድለት መስላኝ ብርጭቆ ወረቀት ቢኖረኝ ላጠፋት ነበር።»

ነጥቧ ከመስመሩ ወደ ጎን ሸሽታ ነበር። ያም ሆኖ አላመኑም። ክራንክሻፍቱ ምልክቱ ላይ ሳይደርስ ካምሻፍቱም ምልክቱ ላይ ባይሆን ምን ይገርማል ብለው ተከራከሩ፤ በዚህስ ልክ ነበሩ፤ ልጅቱም ልክ መሆናቸውን ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከሞተር ወጥቶ ወደ ሆድ ገባ።

«እንግዲህ አንቺ በትናንት ሙያሽ የእኔን እጅ ልትጠራጠሪ ነው።»

«የእርስዎን እጅ ብቻ አይደለም፣ የራሴንም አላምነውም። ጋራዥ ውስጥ ቺንጋ ካሰርኩ በኋላ መጀመሪያ በእጄ አዞረዋለሁ። ከዚያ ሌላ ሰው ጠርቼ አሳያለሁ። ሞተሪኖ የምነካው ከዚያ ወዲያ ነው። አለቃዬም የሠራውን ለእኔ ያሳያል። ማንም ለማንም አይቀየምም።»

አባባሏ ልቤን ነካው። በእኛ ዘንድ የሠራኸውን ልየው ማለት ሠራተኛውን መስደብ ይመስለናል። የሚያየው ሰው ስህተታችንን ከማንም በፊት በነጻ ሊነግረን እንደመጣ አይታየንም። ስለዚህ እኔም ጣልቃ ገባሁ።

«ጋሼ፣ በእጅ ማዞሩ ምን ይጎዳል?»

«ይመሻላ፣ መምህር። ነገ ጠዋት እነዚያ ሁሉ ልጆች መንገድ ላይ ቆመው ይቀሩብኛል። የእርስዎም ልጅ ጭምር።»

«ቫልቭ ከተጣመመ ነገ ብቻ አይደለም የሚቀሩት» አለች ልጅቱ። «ወላጆቻቸው ሌላ መኪና ይፈልጋሉ። ሌላ መኪና የለመደ ደግሞ አይመለስም።»

ጋሼ ይህንን አያጡትም። ቤታቸው የሚኖረው በዚያች ሚኒባስ ነው። እጃቸውን ዘረጉ። «መፍቻውን ስጪኝ።»

በሞተሩ ውስጥ የሚታመቅ አየር ማዞሩን አክብዶ እንዳያሳስታቸው፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን ሻማዎች አወጣችላቸው። «ቀስ ብለው። ከቆመብዎት አይታገሉት።»

መፍቻውን ክራንክሻፍቱ ብሎን ላይ ሰክተው ማዞር ጀመሩ። መጀመሪያ ቀለል ብሎ ዞረ። ቀጥሎ ቆመ። ትንሽ ነካ አደረጉት፤ ከውስጥ ብረት ብረትን ሲይዝ በክንዳቸው ተሰማቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው ተለወጠ። ድምፅ የሚባል አልነበረም። ያ በድምፅ የሚያውቁት ሞተር ምንም አላላቸውም።

«ነካ» አሉ በዝግታ።

«ቫልቩ ነው፤ ፒስተኑ ላይ አርፎ ነው። በእጅ ስለሆነ አልጎዳውም።»

«ገፍተናት ቢሆን ኖሮስ?»

 እኔም እነዚያም ጎረምሶች እጃችንን ከሚኒባሱ ላይ አነሳን።

ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ እንዲርቁ ክራንክሻፍቱን መለስ አድርገው ቺንጋውን አወለቁ። ካምሻፍቱን ነጥቧ ከመስመሩ ጋር እስክትገጥም አዞሩት፤ ክራንክሻፍቱን ወደ ራሱ ምልክት አመጡት፤ ቺንጋውን አስረው ወጠሩት። እሷ መብራት ያዘች፣ እሳቸው ሠሩ። ሲጨርሱ ሳትነግራቸው መፍቻውን አንስተው ክራንክሻፍቱን ሁለት ሙሉ ዙር አዞሩ፤ ካምሻፍቱ አንድ ዙር ዞረ፤ ምልክቶቹም ሁሉ ቦታቸው ተመለሱ። የትም አልነካም።

«ነይ እስቲ እዪልኝ» አሏት። ይህቺን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አየችና ሻማዎቹን መልሳ አሰረች። «አሁን ትገፋ» አለች። ለካ ባትሪው አሁንም እንደደከመ ነው፤ እኔም መግፋቱ አልቀረልኝም። ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ ተነስቶ እንደ ወትሮው ያለ እንከን መዞር ጀመረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን አስቡት። አንድ መፍቻና ትንሽ ትዕግስት አንድን ሞተር፣ አንድን እንጀራና ብዙ ተማሪዎችን አተረፈ። ከማውለቅ በፊት የማይጠፋ ምልክት ማድረግ፣ ከገጠሙ በኋላ ከማስነሳት በፊት በእጅ ማዞር፣ ከዚያም ለሌላ ዓይን ማሳየት፤ ይህ ለሞተር ብቻ የሚሆን ሥርዓት አይደለም። ቤት የሚሠራም፣ ሒሳብ የሚያስተካክልም፣ መድኃኒት የሚያድልም ያስፈልገዋል። ራሱን ችሎ መሥራት ደግ ነው፤ እኔ ከሠራሁት አይነካ ማለት ግን ሥራውንም ሠሪውንም ይጎዳል።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ይዤ ስወጣ ሚኒባሷ በሰዓቷ ቆማለች። ከወላጆቹ አንዱ ልጁን እያሳፈረ፣ «ጋሼ፣ ትናንት ተበላሽታብዎት ነበር አሉ። ማን ሠራልዎት?» አላቸው።

«እኔው» ብለው ጀመሩ። የዘወትር መልሳቸው ናት። ከዚያ መሪውን ለቀው ወደ ሰውየው ዞሩ።

«ልገድላት የነበርኩት እኔው ነኝ» አሉት። «ያዳነቻት የእህቴ ልጅ ናት። የአንተም መኪና ካስቸገረችህ እሷ ጋ ውሰዳት።»