የእትዬ ዘሀራ «ስህተት 22»

ሸዋ ሮቢት ላለ አንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት የሚመዘገብበት ፕሮግራም ሠርቼ ነበር፤ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሠራ። እንዴት ሆኖ ይሆን ብዬ በዚያ ሙቀት በባጃጅ ስደርስ፣ መዝጋቢዋ እትዬ ዘሀራ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍነው ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

«ምነው እትዬ፣ ተበላሸ እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አሉ። «የልጆቹን ስም ሁሉ ሳላጠፋው አልቀርም። ወላሂ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። ሥራውን ልለቅ ነው።»

ከፍቼ አየሁት። «ስህተት 22» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ለካ ቀኑን በሰረዝ (-) ፋንታ በእዝባር (/) ለይተው ጽፈውት ነው። አንድም ስም አልጠፋም። ይህንኑ ስነግራቸው «አልሀምዱሊላህ!» ብለው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ከዚያ ግን ቀና ብለው አዩኝና «ታዲያ ልጄ፣ ኮምፒውተሩ መሳሳቴን ካወቀ ለምን አልነገረኝም?» አሉኝ።

ያንን ቁጥር ለራሴ እንዲገባኝ ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። አፈርኩ። «አንቱ ቢሆኑ ምን ብለው ይነግሩ ነበር?» አልኳቸውና እሳቸው እየተናገሩ እኔ በቁጥሩ ፋንታ ጻፍኩ፦ «ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሰረዝ ይለዩ። አይዞዎት፣ የመዘገቡት አልጠፋም።» «አይዞዎት» የሚለውን ላወጣው ስል እጄን ያዙኝ። «እሱማ ይኑር!»

ከወር በኋላ ደወሉልኝ። «ዛሬም ተሳስቼ ነበር፤ ነገረኝና አስተካከልኩት። አላህ ይስጥልኝ» ብለው ሳቁ። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ተምሬ ማንም ያልጠየቀኝን ያንን «ለምን አልነገረኝም?» ስለጠየቁኝ ደግሜ ደጋግሜ አመሰገንኳቸው።