ከሙዚየሙ አትክልት በታች የተቆረጠው አጥር

የምስክር ስም፦ ፅጌረዳ አንጁሎ
ዕድሜ፦ 31 ዓመት
ሥራ፦ ልብስ ስፌትና ጥልፍ
የትውልድ ቦታ፦ ሳውላ
አድራሻ፦ ጂንካ ከተማ፣ አርክሻ ቀበሌ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ አርብ፣ የካቲት 6 ቀን 2012 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን እዮብ ዘለቀ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ በዓይኔ ያየሁትን ከሰው ከሰማሁት ለይቼ እንድናገር በመርማሪው ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የምተዳደረው በጂንካ ገበያ አቅራቢያ በተከራየሁት ሱቅ ልብስ በመስፋትና ጥልፍ በመሥራት ሲሆን ሽታዬና ሄለን የተባሉ ሁለት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ። የግል ተበዳይ አቢጊያ ኤርጎ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነች። አባቷ አቶ ኤርጎ በካኮ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ጂንካ እየተማረች ከእኔ ጋር እንድትኖር በአደራ የሰጡኝ አምና ነው። ከትምህርት ስትመለስ በሥራ ታግዘናለች። ንድፍ በማውጣት ከሁላችንም የምትሻለው እሷ ነች።

ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ ላይ የድሮ አገረ ገዥ መኖሪያ የነበረ፣ አሁን የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ሙዚየም የሆነ ቤት አለ። ዙሪያውን ሰፊ የአትክልት ቦታ አለው። ከሥሩ እየኖርን ማናችንም ገብተን አይተነው አናውቅም ነበር። በጥር ወር የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አዲስ ልብስ ሲያዙን አቢጊያ «እዚያ ቤት ጌጥ የተቀረጸባቸው ቅሎች አሉ ይባላል፤ ጌጡን አይተን ለምን ለልብሱ አንገት አናደርገውም?» አለች። ሐሳቡን ሁላችንም ወደድነው። እሷ የግማሽ ዓመት እረፍት ላይ ስለምትሆን ሐሙስ የካቲት 5 ቀን ሱቁን ዘግተን እንድንሄድ፣ ሥዕሎቹን አይተን ስንጨርስ አትክልቱ ውስጥ ምሳችንን እንድንበላ ተስማማን። ነገሩን በምስጢር አልያዝነውም። ለደንበኞቻችን ሐሙስ ዝግ መሆናችንን ነግረናል። ሄለንማ ለሚያውቋት ሁሉ አውርታዋለች።

ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ በገበያ ግርግር መሐል፣ አንድ የማላውቀው ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ወደ ሱቄ ገባ። ረጅም ነው፤ የግራ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ አለው። እየለካሁት ሳለ «ሐሙስ ሙዚየም ልትሄዱ ነው አሉ። ልጅቷም አብራችሁ ትሄዳለች?» አለኝ። የትኛዋ ልጅ ብዬ ስጠይቀው «ተማሪዋ» ብሎ መለሰ። መኪና እንዳለውና በነፃ ሊያደርሰን እንደሚችል ነገረኝ። አመስግኜ በባጃጅ እንደምንሄድ ገለጽኩለት። ከወጣ በኋላ ወደ መጋረጃው ኋላ ስገባ አቢጊያን ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሥር ጉልበቷን አቅፋ ተኮራምታ አገኘኋት። «እትዬ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። የደምሰው ጓደኛ ነው» አለችኝ። የምትናገረው በጭንቅ ይሰማ ነበር።

ደምሰው የተባለው ተጠርጣሪ ዲመካ ላይ ከብት የሚነግድ ሰው መሆኑን የማውቀው ከአቢጊያና ከአባቷ በሰማሁት ነው። ልጅቷን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ አባቷ «ልጄ ትማራለች» ብለው መልሰውታል። ከዚያም በካኮ ገበያ እጇን ይዞ ወደ መኪና ሲጎትታት ገበያተኛ ሴቶች ጮኸው አስጥለዋታል። ያን ቀን «የትም ብትገቢ አወጣሻለሁ» እንዳላት ነግራኛለች። ወደ እኔ የመጣችውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰኞ ዕለት ሱቁን ዘግተን አራታችንም ተመካከርን። እኔ ጉብኝቱ ይቅር አልኩ። ሽታዬ ግን ተቆጣች። «እሺ፣ ከሙዚየሙ እናስቀራት። ከትምህርት ቤትስ? ከቤተ ክርስቲያንስ? ቆልፈንባት እስከ መቼ?» አለች። አቢጊያ «እፈራለሁ። ግን መሄድ እፈልጋለሁ» አለች። በመጨረሻ እኔ ረቡዕ ብቻዬን ወጥቼ ቦታውን እንዳይ፣ መግቢያና መውጫው የት የት እንደሆነ አጣርቼ እንድወስን ተስማማን።

ረቡዕ የካቲት 4 ቀን ረፋድ ላይ በባጃጅ ወደ ጉብታው ወጣሁ። የሙዚየሙ ዘበኛ በር ላይ ተቀብሎኝ የአዳራሹን ቁልፍ እስኪያመጣ አትክልቱን እንድዞር ነገረኝ። ቦታው ያማረ ነው። የማንጎ ዛፎች አሉ፤ ቀይ አበባ ጣሪያው ላይ ተጠምጥሟል፤ ከታች በኩል ጥቅጥቅ ያለ ቀርከሃ አለ። በደኅና ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ግን የማየው አበባውን ሳይሆን ሰው የሚደበቅበትን ቦታ ነበር።

ቀርከሃው አጠገብ ስደርስ የሽቦ መቁረጫ ድምፅ ሰማሁና ቆምኩ። በቅጠሉ መሐል ሁለት ወንዶች ታዩኝ። አንደኛው ተንበርክኮ የታችኛውን አጥር ሽቦ ይቆርጣል። ሁለተኛው ሱሪ ያመጣልኝ ሰው ነበር። ከአጥሩ ማዶ መንገዱ ላይ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል። የተንበረከከው «ብትጮህስ?» ብሎ ሲጠይቅ ባለጠባሳው «አፏን በጋቢ ማፈን ነው። እስከ መኪናው ቅርብ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወደ ኋላ ልመለስ ስል ዘበኛው ከላይ «እህቴ፣ አዳራሹ ተከፍቷል!» ብሎ ተጣራ። ሁለቱም ዞሩ። ባለጠባሳው ቀርከሃውን ገለጥ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ፈገግ ብሎ «ሱሪዬ ደረሰ?» አለኝ።

«ነገ ውሰድ» አልኩት። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነበር።

«ነገማ ዝግ ናችሁ» አለኝ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ነበር። ከዚያ መንገዱን ለቀቀልኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ስሄድ እንዳልሮጥ ራሴን እየተቆጣሁ ነበር። ዘበኛው ምን ሆንሽ ሲለኝ በእጄ ወደ ታች አሳየሁት። እሱ ሲወርድ እነሱ ሄደዋል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጣቢያው መጥቼ አመለከትኩ። ሱሪውንም አስረከብኩ። ልጅቷ እንድትቀር፣ እኛ ሦስታችን ግን ሰዎቹ እንዳይጠረጥሩ እንደታሰበው እንድንሄድ፣ ሲቪል የለበሱ ሁለት ፖሊሶችም አትክልቱ ውስጥ እንዲጠብቁ ተነጋገርን። አቢጊያን በሽታዬ እናት በወ/ሮ ማርያም ቤት አስቀመጥናት። ስንለያት «ቅሉ ላይ ያለውን ጌጥ በስልክ አንሡልኝ» ብላናለች።

ሐሙስ ጠዋት ሦስታችን ወደ ሙዚየሙ ወጣን። ዘበኛው በየክፍሉ አዞረን። በዘይት ቀለም የተሳሉ ሰዎች፣ ከእንጨት የተጠረቡ በርኩማ መቀመጫዎች፣ ቅሎች ነበሩ። ሄለን ፎቶ ብታነሣም ዓይኗ በሩ በሩ ላይ ስለነበር ሁሉም ደብዛዛ ሆኖ ወጣ። በኋላ አትክልቱ ውስጥ ጨርቅ አንጥፈን ምሳችንን ዘረጋን፤ ማናችንም ግን አልቀመስንም። ቀርከሃው በነፋስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሽታዬ ክንዴን ትይዘኝ ነበር። ማንም አልመጣም።

እዚያው እንደተቀመጥን ወ/ሮ ማርያም ደወሉልኝ። «ፅጌ፣ እንዴት ሆንሽ? እግርሽ በጣም ነው እንዴ የተሰበረው?» አሉኝ። ምንም እንዳልሆንኩ ነገርኳቸው። ይህን ሲሰሙ መጮኽ ጀመሩ። እንደነገሩኝ ከሆነ አንድ የባጃጅ ሹፌር መጥቶ «ፅጌረዳ ከሙዚየሙ ደረጃ ወድቃ አቢጊያ ትምጣልኝ እያለች ነው» ሲላቸው ልጅቷ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ሮጣ ባጃጁ ውስጥ ገብታለች። ሄለን ከእጄ ስልኩን ነጥቃ ወደ ፖሊሶቹ ሮጠች።

አንደኛው ፖሊስ ለባልደረቦቹ እየደወለ፣ ሁለቱም መንገድ ላይ ባስቆሙት መኪና እኔንና ሽታዬን ይዘው ወደ ቀይ አፈር መውጫ መንገድ ሄዱ። ወደ ዲመካ የሚወስደው ይኸው መንገድ ስለሆነ ነው። በመንገድ ላይ ለአቶ ኤርጎ ምን ብዬ እንደምደውል ነበር የማስበው። ሽታዬ ጮክ ብላ ትጸልያለች።

ከከተማው መጨረሻ ላይ ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ሠራተኞች መንገዱን አጥብበውት ነበር። እዚያ ሰው ተሰብስቦ አየንና ወረድን። ባጃጁ ባዶውን ቆሟል። አቢጊያ ከሠራተኞቹ ጀርባ ቆማለች፤ አንድ እግሯ ጫማ የለውም፤ ጉልበቷ ይደማል። አቢጊያ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ደምሰው መንገድ ጥግ ላይ ጠብቆ ባጃጁ ውስጥ ከጎኗ ገብቶ ነበር፤ ባጃጁ በተከመረው ድንጋይ ምክንያት ፍጥነቱን ሲቀንስ ክንዱን ነክሳ ራሷን ወደ ውጭ ወርውራለች።

ከዚህ በታች ያለውን በዓይኔ አይቻለሁ። ደምሰው ከሠራተኞቹ ፊት ቆሞ በተረጋጋ ድምፅ ያነጋግራቸው ነበር። «ወንድሞቼ፣ የቤት ጉዳይ ነው። ሚስቴ ናት። ተጣልተን ነው፤ ሥራችሁን ሥሩ» ይላል። ጥቂቶቹ ሲያመነቱ አይቻለሁ፤ አንዱ መንገድ ሊለቅለት እግሩን አንሥቶ ነበር። አቢጊያ «አይደለሁም! ተማሪ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ተመስገን የሚባል፣ ከሁሉም በዕድሜ ጠና ያለ ሠራተኛ መዶሻውን ሳያስቀምጥ «እሷ አይደለሁም ካለች አይደለችም። ሌላ የምንጠይቀው ሰው የለም» አለው። መንገድ ሊለቅ የነበረውም ተመልሶ ቆመ።

ፖሊሶቹ ደምሰውንና የባጃጁን ሹፌር እዚያው ይዘዋል። ልጅቷ በወ/ሮ ማርያም ቤት መሆኗን እንዴት እንዳወቁ እኔ አላውቅም። ባለጠባሳውና ነጩ ፒክአፕ ግን እስካሁን አልተገኙም። ይህ ሰው ሱቄን ያውቃል፤ መልኬን ያውቃል። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ከኋላዬ የሄደውን ሰው ሁሉ እየዞርኩ አይቻለሁ። ይህንንም መርማሪው እንዲመዘግብልኝ ጠይቄያለሁ።

አቶ ኤርጎ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከካኮ ደረሱ። ልጃቸውን ይዘው ይመለሳሉ፣ ትምህርቷም እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷም እንደዚያው ስለመሰላት ደብተሮቿን ሳይጠይቋት አስራ ጠበቀች። አቶ ኤርጎ ጉልበቷን አዩ፤ ውኃ ጠጡ። ከዚያ በአሪኛ አንድ ነገር ጠየቋት። እሷ መልሳ ማልቀስ ስትጀምር ምን እንዳሏት ጠየቅኳት። «ትምህርት መቼ ነው የሚከፈተው አለኝ። ሰኞ ስለው፣ እንግዲያው እስከ ሰኞ እዚህ እቆያለሁ፣ እኔ ራሴ አደርስሻለሁ አለኝ» ብላ ተረጎመችልኝ።

ማታ እራት ላይ ደግሞ ልንጎበኘው የነበረው ሙዚየም ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቋት። እሷም እንዳላየችው ነገረቻቸው። ስለዚህ መፍራታችን ባይቀርም፣ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ከአባቷ ጋር አምስት ሆነን ለመሄድ ወስነናል። ለተጨማሪ ማጣሪያ ብፈለግ በዚያን ሰዓት በሱቄ ሳይሆን በሙዚየሙ አትክልት ውስጥ የምገኝ መሆኔን አስመዘግባለሁ።

የሰጠሁት ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። ያላልኩት አልገባበትም፣ ያልኩትም አልተተወም። እውነት ስለመሆኑ በፍርድ ቤትም ቀርቤ የምደግመው መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ፅጌረዳ አንጁሎ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን እዮብ ዘለቀ