ሩሩን የመለሰው ፈረንሳዊ

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ከገሳይ በላይ ጫካ ውስጥ ሸፍተን ሳለን አንድ ፈረንጅ እጃችን ገባ። ባቡር ላይ ሠርቶ ፈረንሳይኛ የለመደ ባልንጀራችን አስተረጎመው፦ "ፈረንሳዊ ነኝ፣ ጣሊያን አይደለሁም ይላል። ሥራዬ በእግር ኳስ ተከላካይነት ነው፤ ለአራት ቡድን ተጫውቻለሁ ይላል።"

"አራት ጌታ የቀየረ ሰላይ ካልሆነ ምንድን ነው?" አሉ አለቃችን፤ እጃቸው ወደ ጠመንጃቸው ሄደ።

መሪጌታችን ጣልቃ ገቡ። "ትንሽ ይቆዩ እንጂ! እኔስ አራት መምህር ዘንድ ዞሬ አይደል የተማርኩት? ተምሬያለሁ ያለ ተማሪ ይፈተናል፤ ይሄም ይፈተን።"

የገና ሰሞን ነበርና ሩር፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ አመጣን። በገና ጨዋታ የሚያህለኝ አልነበረም፤ በዱላዬ እያንከባለልኩ መጣሁበት። ገላዬን ሳይነካ በእግሩ ነጠቀኝ። ደገምኩ፣ ነጠቀኝ። ሠለስኩ፣ ነጠቀኝ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ደሜ ፈላ። እሱ ግን በነጠቀኝ ቁጥር ፈገግ ብሎ ሩሩን ለእኔው ይመልስልኛል።

አለቃችን አልሳቁም። "ተከላካይስ ነው፤ አልዋሸም። ፍቱት" አሉ። ፈረንሳዊው ከእናንተ ጋር ልዋጋ ብሎ ጠመንጃ ሲጠይቅ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"የነጠቀውን ለባላጋራው የሚመልስ ሰው አላስታጥቅም። ውሃ ይቅዳ።"