ስሜ በቀይ ሲጻፍ

ተማሪዎቼ ጎትጉተውኝ፣ ሮቤ ከሚገኝ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ በሚጫወቱባት የኮምፒውተር ከተማ ታክሲ ነጂ ሆንኩ። በከተማዋ ፖሊሱም ሌባውም ከየአገሩ የሚጫወት ሰው ነው፤ ሥርዓት የሚያስከብር አድሚንም አላት። ብዙም ሳልነዳ አንዱ ተጫዋች በኦሮምኛ «ገጨኸኝ» ብሎ ጻፈልኝ። እኔም በዚያው ቋንቋ፣ በላቲን ፊደል፣ አለመግጨቴን «ናን ከከዳ» ብዬ ማልኩለት። ወዲያው በሁሉም ስክሪን ላይ በቀይ ወጣ፦ «ቲቸር ታደሰ ጸያፍ ቃል በመጻፉ ታስሯል።»

አጠገቤ የነበረው ተማሪዬ ጀማል «ወላሂ ቲቸር፣ ስምዎ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ!» አለ።

«ማልኩ እንጂ አልተሳደብኩም» አልኩ።

«ቲቸር፣ ምሎ የታሰረ ማን አለ?»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጆሮዬ ጋለ፤ አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ አድሚኑ ጻፈልኝ፦ «ይቅርታ፣ ኦሮምኛ አልችልም። በላቲን የጻፉትን ቃል መጀመሪያ ‹ካካ› ብዬ አንብቤው ነው፤ ፈትቼዎታለሁ።» ይህ መልእክት ቀይ አይደለም፤ ከእኔ በቀርም የሚያየው የለም።

በማግስቱ ክፍል ስገባ፣ አለቃው እንደ ልማዱ የረባሾችን ስም ሰሌዳው ላይ ጽፎ ጠበቀኝ። ከላይ ያለው የጀማል ነው። ልጁ ብድግ አለ።

«ቲቸር፣ እኔ አልረበሽኩም፤ ናን ከከዳ!»

ጆሮዬ እንደገና ጋለ። ማን እንደረበሸ ሳልጠይቅ ዳስተሩን አነሳሁ።