ከሰልፉ የጎደለችው አሸናፊ

በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ቫልዶርን በምትባል አውራጃ፣ የቁንጅና ውድድሩ አዳራሽ ውስጥ፣ ከመድረኩ ጀርባ ባለች መልበሻ ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት፤ ዘውዷን ለአዲሷ ልታስረክብ የለበሰችው የአምናዋ አሸናፊ ረድኤት፣ ከሃያ ዓመት በፊት በዚሁ ውድድር አሸንፋ ዘውዷን ከተቀማችው እናቷ ከምንትዋብ ጋር ተፋጣለች።

ምንትዋብ፦ አልወጣም አልኩሽ እኮ! በአማርኛ አልገባሽ ከሆነ በፈረንሳይኛ ልድገመው?

ረድኤት፦ በሁለቱም ገብቶኛል፣ እታለም። በሁለቱም አልቀበልም።

ምንትዋብ፦ እንግዲያው ልቀቂኝ። «ነይ ዚፑን ዝጊልኝ» ብለሽ ነው የጠራሽኝ። ዚፑ ተዘግቷል። ልሂድና ወንበሬ ላይ ልቀመጥ።

ረድኤት፦ የትኛው ወንበር? ያ ከምሰሶው ጀርባ ያለው? እዚያ የተቀመጠ ሰው መድረኩን አያይም እኮ!

ምንትዋብ፦ ለዚያ ነው የመረጥኩት።

ረድኤት፦ የቀድሞዎቹ አሸናፊዎች ሁሉ መጥተዋል። ማዳም ጆርጄት እንኳ፣ እኒያ በከዘራ የሚሄዱት አሮጊት፣ ሪባናቸውን አጥልቀው ቆመዋል። ዘውዱ ከሳቸው እጅ ይነሣል፤ በየዓመታቸው ከተሰለፉት ከአንዷ ወደ አንዷ እየተላለፈ እኔ ጋ ይደርሳል፤ እኔ አዲሷ ራስ ላይ እጭነዋለሁ።

ምንትዋብ፦ ለኔ ነው የምትነግሪኝ? አንቺ የወተት ጥርስሽን ሳትነቅዪ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ረድኤት፦ ካወቅሽማ ያንቺ ዓመት ሲጠራ ማን እንደሚወጣም ታውቂያለሽ። ክሎቲልድ! ሁለተኛ የወጣችው ክሎቲልድ! አምና ዘውዱ በሷ እጅ አልፎ ራሴ ላይ ሲያርፍ እሳት መሰለኝ።

ምንትዋብ፦ አምና አቃጥሎሽ ዘንድሮ ነው ኡኡ የምትዪው?

ረድኤት፦ አምና እንግዳ ነበርኩ። ዘንድሮ ተሰናባች ነኝ። ተሰናባች አፍ አለው።

ምንትዋብ፦ አፍሽን ለስንብት ንግግርሽ ቆጥቢው። ክሎቲልድ ዛሬ የከንቲባው ሚስት ናት። መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ሰላምታ አታጓድልም።

ረድኤት፦ እኔንም አታጓድልብኝም። «ያቺ ቆንጆ እኅትሽ ደኅና ናት?» እያለች ጥርሷን ታሳየኛለች። እያወቀች! የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ማለት ይሄ ነው።

ምንትዋብ፦ እኔ አልወደቅኩም።

ረድኤት፦ ታዲያ ከምሰሶ ጀርባ ምን ትሠሪያለሽ?

ምንትዋብ፦ ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው!

ረድኤት፦ ያንቺ ዝምታ ነቅዟል፣ እታለም። ዱቄት ሆኗል። ብትነፊው እንኳ አይጋገርም።

ምንትዋብ፦ ምላስሽ! ምላስሽን ከማን እንደወረስሽው...

ረድኤት፦ ጨርሺዋ። ከማን?

ምንትዋብ፦ ተይኝ ብያለሁ።

ረድኤት፦ አልተውሽም። ከማዳም ኦዴት ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።

ምንትዋብ፦ ከማን ጋር?

ረድኤት፦ ከሊቀመንበሯ ጋር። አንገቷን ይዤ ተሟገትኳት። «ደንቡ ተለውጧል፤ ዛሬ ያገባችም የወለደችም ትወዳደራለች፤ ታዲያ የምንትዋብ ጥፋቷ ምን ነበር?» አልኳት። እሺ አለች።

ምንትዋብ፦ ሳትጠይቂኝ? ስሜን ይዘሽ ያቺ ሴትዮ በር ላይ ቆመሽ ለመንሽ?

ረድኤት፦ አልለመንኩም! ጠየቅኩ። መብትሽን ነው የጠየቅኩት።

ምንትዋብ፦ ኦዴት እንዲሁ እሺ አትልም። በአንድ እጇ ስትሰጥሽ በሌላው ኪስሽን ትዳብሳለች። ምን ሰጠሻት?

ረድኤት፦ ምንም። ስምሽ ይጠራል፤ በዓመትሽ ትወጫለሽ፤ ሪባን ታጠልቂያለሽ። ክሎቲልድም አጠገብሽ ትቆማለች።

ምንትዋብ፦ አጠገቤ?

ረድኤት፦ የከንቲባውን ሚስት ውረጂ ማለት አይቻልም አለች። ዘውዱን ሁለታችሁም ትይዙታላችሁ።

ምንትዋብ፦ ለሁለት! ሰሎሞን እንኳ ሕፃኑን ለሁለት ክፈሉት ያለው ሊፈትናቸው ነው። ይቺ ከምሯ ቢላዋ አወጣች!

ረድኤት፦ ከምንም ግማሹ አይሻልም?

ምንትዋብ፦ ሌላስ?

ረድኤት፦ ሌላ የለም።

ምንትዋብ፦ ረድኤት።

ረድኤት፦ የለም አልኩሽ እኮ!

ምንትዋብ፦ ስትዋሺ ጆሮሽን ትነካኪያለሽ። ጉትቻሽ ሊወልቅ ነው። ምን ብለው ነው የሚጠሩኝ?

ረድኤት፦ በስምሽ ነዋ። ምንትዋብ።

ምንትዋብ፦ ምንትዋብ፣ የማን?

ረድኤት፦ ያው... ትንሽ ማብራሪያ አለው።

ምንትዋብ፦ የማን አልኩሽ!

ረድኤት፦ «የረድኤት ታላቅ እኅት።»

ምንትዋብ፦ አንቺ!

ረድኤት፦ ቆይ አትጩሂ፤ ይሰማሉ...

ምንትዋብ፦ ይስሙ! ጣራው ይስማ! ከሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ የበሰበሰ ዕቃ ጠቅልላ ላከችልኝ፤ ያውም በገዛ ልጄ እጅ!

ረድኤት፦ ኮሚቴው አሮጌ ቁስል መንካት አይፈልግም አለችኝ። ልጅሽ መሆኔ ከተነገረ ዘውዱን ለምን ቀማችኋት የሚል ይመጣል፤ የክሎቲልድም ስም ይነሣል፤ እነዚያ ዝግጅቱን የሚደግፉት አይብ አምራቾችም ይሸሻሉ አለች። አንድ ቃል ናት፣ እታለም። እቤትስ ምን ብዬ ነው የምጠራሽ? አያቴን እማዬ፣ አንቺን እታለም እያልኩ አይደል ያደግኩት?

ምንትዋብ፦ እሱ የልጅ አፍ ነው! እናቴ አሳደገችሽ፤ የቤቱ ልጆች እኔን ሲጠሩ ሰምተሽ እታለም አልሽኝ። በአገራችን ስንት የበኩር ልጅ ነው አያቱን እማዬ ብሎ የሚያድገው! ማንም ማንን አልካደም። እቤት የምትዪኝ የፍቅር ነው፤ እዚያ መድረክ ላይ የምትዪኝ የክህደት ነው። ልዩነቱ ጠፍቶሽ ነው?

ረድኤት፦ አንቺ ስለ ክህደት ልትነግሪኝ? አንቺ? «ልጅ አለሽ ወይ?» ሲሉሽ «የለኝም» ብለሽ አይደል የተወዳደርሽው? አራት ዓመቴ ነበር! በሕይወት ነበርኩ፣ እታለም! እበላ ነበር፣ እሮጥ ነበር፣ አልነበረችም ተባልኩ!

ምንትዋብ፦ ብያለሁ። አልካድኩም።

ረድኤት፦ ታዲያ!

ምንትዋብ፦ ታዲያ አምናስ? አምና የመድረክ መሪው «ማን አብሮሽ መጣ?» ሲልሽ፣ ማይክራፎኑን ይዘሽ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ «ታላቅ እኅቴ» ያልሽው ማነሽ? ደንቡ ተለውጧል አላልሽም? ማን ያስገደደሽ ነበር?

ረድኤት፦ አንቺ ባታፍሪ ኖሮ...

ምንትዋብ፦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ረድኤት፦ አጨበጨብሽ! ተነሥተሽ አጨበጨብሽልኝ! እኔ እኮ ያን ጊዜ «አይ፣ እናቷ ነኝ» ብለሽ እንድትጮኺ ነበር የምጠብቀው። አጨበጨብሽ።

ምንትዋብ፦ ምን ላድርግ? ልጄ ስታሸንፍ ደረቴን ልምታ?

ረድኤት፦ አዎ! ምቺ! የሆነ ነገር አድርጊ! ስትቆጪ እንኳ አይቼሽ አላውቅም። ስታዪኝ የምታዪው እኔን አይደለም፤ ያጣሽውን ዘውድ ነው። በኔ ምክንያት ነው የተቀማሽው፤ አውቃለሁ። የሆነ ምላሰኛ ጋዜጠኛ ልጅ አላት ብሎ አወጣብሽ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ላንቺ የጥፋት ማስረጃ ነኝ።

ምንትዋብ፦ ማነው ይህን ያለሽ?

ረድኤት፦ እማዬ ናታ፣ ነፍሷን ይማረውና። «ሰው ነገረባት፤ ክፉ ሰው አዋረዳት» ትለኝ ነበር።

ምንትዋብ፦ ነፍሷን ይማረው። እናቴ ነገር ማለስለስ ትወድ ነበር። ማንም አልነገረብኝም።

ረድኤት፦ እንዴት ማንም?

ምንትዋብ፦ የመኸር በዓል ነበር። ዘውዱን ደፍቼ ሽማግሌዎችን እጨብጣለሁ። እናቴ አንቺን ይዛሽ መጥታ ነበር፤ በዚያ በሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ላይ አስቀመጠችሽ። ወደቅሽ። አናትሽ መሬቱን ሲመታው እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ።

ረድኤት፦ ይሄን አላስታውስም።

ምንትዋብ፦ እኔ አስታውሳለሁ። «ልጄን! ልጄን!» እያልኩ በሰው ላይ ተረማምጄ ሮጥኩ። ያ ዘውዳቸው ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ጋዜጠኞቹ እዚያው ነበሩ። ማን ይነግርብኛል? እኔው ነኝ የጮህኩት።

ረድኤት፦ ከዚያ ቀሙሽ።

ምንትዋብ፦ አይ፣ ቆይ! አልቀሙኝም ገና። በማግስቱ ኦዴት አስጠራችኝ። ሻይ ቀዳችልኝ፣ እጄን ያዘችኝ። «ደንግጠሽ ነው፤ ሕፃን እኅትሽን በቁልምጫ ልጄ አልሻት፤ አገራችሁ እንዲህ ይባላል በይና ጉዳዩን እንዝጋው» አለችኝ። አንድ ቃል ናት አለችኝ። ልክ እንዳንቺ! በአንድ ቃል ዘውዱ ይተርፍልሻል አለችኝ።

ረድኤት፦ አንቺስ?

ምንትዋብ፦ አናትሽ በፋሻ ተጠምጥሞ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለሽ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል፤ እግርሽን ስታወዛውዢ ይታየኛል። ሪባኑን ከትከሻዬ አወለቅኩና ሻይዋ ላይ ጣልኩላት። «ልጄ ናት፤ ለማንም አበድሬያት አላውቅም» ብያት ወጣሁ።

ረድኤት፦ ለምን አልነገርሽኝም? ለምን? ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ!

ምንትዋብ፦ ምን ብዬ? «ስላንቺ ብዬ ዘውድ ጣልኩ» ብዬ ዕድሜሽን ሙሉ ላሸክምሽ? ያጠቡትን ጡት የሚቆጥሩ እናቶች አሉ። እኔ እንደነሱ አይደለሁም።

ረድኤት፦ እኔ እኮ ስታፍሪብኝ የኖርሽ መስሎኝ!... የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እያልኩ፣ የብብቷ እኔ ነኝ እያልኩ!

ምንትዋብ፦ በነሱ ነው የማፍረው! አልወጣም የምልሽ አንገቴን ደፍቼ መሰለሽ? ተቆጥቼ ነው! እሳት ለብሼ፣ እሳት ጎርሼ ነው ከምሰሶው ጀርባ የምቀመጠው። እዚያ ሰልፍ ውስጥ ፈገግ ብዬ ከቆምኩ ይቅር ብያችኋለሁ ማለት ነው። ማን ይቅርታ ጠየቀኝ? አንድ ሰው ጥሪልኝ!

ረድኤት፦ ማንም።

ምንትዋብ፦ ማንም! ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም! አንቺ ደግሞ አህያውን ፈርተሽ ዳውላውን፤ ኦዴትን ትተሽ እኔ ላይ ትጮሂያለሽ።

ረድኤት፦ ሙዚቃው ጀመረ።

ምንትዋብ፦ ሰምቻለሁ።

ረድኤት፦ በበሩ ክፍተት ይታየኛል፤ ማዳም ጆርጄት ዘውዱን አነሡ። እያጨበጨቡላቸው ነው።

ምንትዋብ፦ ሂጂ፣ ሰልፍሽን ያዢ። እኔ በጓሮ በር ወጥቼ መኪናው ውስጥ እጠብቅሻለሁ።

ረድኤት፦ አትሄጂም።

ምንትዋብ፦ ረድኤት፣ ከበሩ ላይ ተነሺ።

ረድኤት፦ የመድረክ መሪው ከኔ በዚህ በኩል ነው የሚቆመው። ማይክራፎኑን ልቀማው ነው። ያንቺ ዓመት ሲደርስ የምጠራሽ እኔ ነኝ።

ምንትዋብ፦ አብደሻል? ዝግጅቱን ታበላሺያለሽ!

ረድኤት፦ ይበላሽ። የተበላሸውማ አንቺ ሻዩን የደፋሽ ቀን ነው።

ምንትዋብ፦ አልደፋሁም፣ ሪባኑን ነው የጣልኩት። ስሚኝ፣ ልጅ አትሁኚ። አምና በማይክራፎን ዋሽተሻል። ዛሬ እናቴ ናት ካልሽ ኦዴት «አታለለችን» ብላ የአምና ዘውድሽን ትሠርዝብሻለች። ታደርገዋለች! ግድግዳው ላይ ካሉት ፎቶዎች ያንቺንም ታወርደዋለች።

ረድኤት፦ ታውርደው።

ምንትዋብ፦ እንዲህ በቀላሉ?

ረድኤት፦ በቀላሉ አይደለም። ስንት ዓመት የተመኘሁት ነው፤ አንጀቴ ነው የሚቆረጠው። ግን ታውርደው። እዚያ ቆሜ ማንን ልክድ እንደነበር አሁን ነው ያወቅኩት።

ምንትዋብ፦ ነገ ትቆጫለሽ።

ረድኤት፦ አንቺ ተቆጭተሻል?

ምንትዋብ፦ በዘውዱ? አንድም ቀን።

ረድኤት፦ በቃ! እንግዲህ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይኸው ነጋ። ልሂድ?

ምንትዋብ፦ ቆይ። ምን ብለሽ ነው የምትጠሪኝ?

ረድኤት፦ «ያሸነፈችው ምንትዋብ፣ የወለደችኝ።» ከዚያ ኦዴት ፊት ለፊት ቆሜ የሻዩን ነገር ሁሉ እነግራቸዋለሁ። አይብ የሚሠሩትም ይስሙ። ክሎቲልድም ትስማ።

ምንትዋብ፦ የሻዩን ሁሉ?

ረድኤት፦ ሁሉን።

ምንትዋብ፦ በፈረንሳይኛ? በደንብ እንዲገባቸው?

ረድኤት፦ ቃል በቃል።

ምንትዋብ፦ ፀጉሬ እንዴት ነው?

ረድኤት፦ ከኋላ ትንሽ ተንጨባሯል።

ምንትዋብ፦ ይንጨባረር፣ እንዲህ ይዩኝ። በይ ቅደሚ፤ ስትደርሺ መጀመሪያ ያቺን ክሎቲልድን ከቦታዬ ዞር በይ በያት።